ሳትነግሩን ከወረፋ ለምን አወጣችሁን?

ለካውንስላችን የቤት ድልድል ክፍል
ለንደን

ግልባጭ፦
ለመረጥናቸው የካውንስል አባላት
ወረፋ ላይ ላላችሁ ወገኖቼ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ቤት ማመልከቻ ስለሚያዝበት መንገድ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ይህን አቤቱታ መጀመሪያ የላክሁላችሁ በእንግሊዝኛ ነበር። መልእክቴ እንደደረሳችሁና በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንደምትሰጡ ኮምፒውተራችሁ በዚያችው ደቂቃ አሳወቀኝ። ሰው ግን እስከ ዛሬ አልጻፈልኝም፤ ሰባተኛው ሳምንት ተጋምሷል። ስለዚህ አሁን በአማርኛ እጽፋለሁ። እናንተ ባታነቡት እንኳ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ያነቡታል። ከመካከላችሁም አማርኛ የምታውቅ አንዲት ሠራተኛ እንዳለች ሰምቻለሁ፤ የተመደበችው ግን የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ክፍል ነው አሉ።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ እንጀራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጥግ ላይ ላፕቶፕ ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ የካውንስል ወረቀት ያስቸገረው ሁሉ እዚያ ይመጣል። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ወረቀቱ የሚመጣው በሱፐርማርኬት ከረጢት ተጠቅልሎ ነው፤ ግማሹ ፖስታ ሳይከፈት። ለምን እንዳልከፈቱት ስጠይቅ "መጥፎ ወሬ ቢሆንስ ብዬ" ይሉኛል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ቤት እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ከ1980 ጀምሮ (ካልተለየ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ተከራይ የሚኖርበትን የካውንስል ቤት በቅናሽ እንዲገዛ በፈቀደው ሕግ በእንግሊዝ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ከካውንስሎች እጅ ወጥቷል፤ በምትኩ የተሠራው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ዛሬ በመላ እንግሊዝ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ወረፋ ይዟል፤ በጊዜያዊ መጠለያ ያለው ደግሞ ከ120 ሺህ ቤተሰብ አልፏል። ይህን የእናንተ ክፍል አላመጣውም። የእኔ አቤቱታ ወረፋውን ስለምትይዙበት መንገድ ነው፤ እሱን ለማስተካከል ጡብም ሲሚንቶም አያስፈልግም።

ፈቃዷን ጠይቄ፣ ስሟን ትቼ የአንዲት እናት ጉዳይ ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት፤ ምናልባት የእናንተንም። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ሦስቱም የሚኖሩት ባለ አንድ መኝታ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ማታ ማታ የምግቡ ጠረጴዛ ታጥፎ በሩ ላይ ይደገፋል፤ በእሱ ቦታ የልጁ ፍራሽ ይዘረጋል። እናትየው ሌሊት ለሥራ ስትወጣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ልጇን ተራምዳ ትወጣለች። አንድ ቀን ጠረጴዛው ተንሸራቶ ወድቆ የልጁን ትከሻ መታው። ቤቱን ለማየት ከእናንተ ዘንድ የመጣ ሰው ስለሌለ ይህን በማመልከቻው "ተጨማሪ መረጃ" ሳጥን ውስጥ ጻፍሁት። ሳጥኑ ከ500 ፊደል በላይ አይቀበልም።

የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ቤተሰቡ "በሕጉ ትርጉም አልተጨናነቀም" አለ። ገረመኝና ሕጉን ፈለግሁት። እውነታችሁን ነው። መለኪያው መጀመሪያ የወጣው በ1935 ሲሆን በ1985ቱ የቤቶች ሕግ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። በእሱ ስሌት ሳሎንም መኝታ ነው፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይቆጠርም፤ ከአንድ እስከ አሥር ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ግማሽ ሰው ነው። ሁለት ክፍል ሦስት ሰው ይይዛል። እናት አንድ፣ ሴት ልጅ አንድ፣ ወንዱ ልጅ ግማሽ፤ ድምሩ ሁለት ተኩል። እንዲያውም የግማሽ ሰው ቦታ ይተርፋቸዋል ማለት ነው። ይህን ለእናትየው በአማርኛ ሳስረዳት መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ ደግሞ "የትኛው ግማሹ ነው የማይቆጠረው?" አለችኝ።

ነገር ግን ካውንስሎች ወረፋ ሲደለድሉ የሚጠቀሙበት ሌላ፣ ዘመናዊ የመኝታ መለኪያ አለ፤ የራሳችሁም መመሪያ የሚሠራው በእሱ ነው። በእሱ ስሌት ይህ ቤተሰብ ሦስት መኝታ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ጎድሎታል። ሁለቱ ስሌቶች በአንድ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ ደብዳቤያችሁ የነገራት ግን አንዱን ብቻ ነው። ትክክለኛው ባንድ (የቅድሚያ ደረጃ ማለት ነው) እንዲሰጣት 11 ወር ፈጀ። በ11ዱ ወር ፋይሏ በአራት ሠራተኞች እጅ አለፈ፤ ለእያንዳንዳቸው ታሪኩን ከአንድ ጀምረን ነገርን። ከአራቱ አንዷ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ቀጥታ ስልኳን ሰጥታን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስንደውል ሥራ ለቃለች ተባልን።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነው ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ። ይህች ሴት የተመዘገበችው በ2018 ነው። በአንድ ባንድ ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠው በምዝገባ ቀን ስለሆነ ያቺ ቀን ያላት ብቸኛ ሀብት ነበረች። በየሳምንቱ የሚለጠፉትን ቤቶች ታያለች፣ ሦስት መርጣ ቢድ ታደርጋለች (ይህ ቤት ይሰጠኝ ብላ ትጠይቃለች)፣ 214ኛ፣ 190ኛ፣ 163ኛ እያለች ትወርዳለች። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ 41ኛ ደርሳ ነበር። ከዚያ አንድ ሰኞ ስትገባ አካውንቷ "ንቁ ማመልከቻ የለዎትም" አላት። በማግሥቱ ደወልን። 52 ደቂቃ ሙዚቃ ከሰማን በኋላ ያገኘነው ሰው እንዳስረዳን፣ ማመልከቻውን በየዓመቱ ማደስ ግዴታ ነው፤ እንድታድስ የሚያስታውስ መልእክት ተልኮላት በ28 ቀን ውስጥ መልስ አልሰጠችም፤ ስለዚህ ተሰርዛለች። መልእክቱ የት ተላከ? እዚያው አካውንቷ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥን። በስልክ፣ በፖስታ፣ በኢሜይል አንድም የለም። ያን ወር አካውንቷን ከፍታ ቢድ ያላደረገችው ልጇ ሆስፒታል ተኝቶባት ነው።

እንደገና ተመዝገቢ ተባለች፤ ተመዘገበች። አዲሱ ቀን ያለፈው ዓመት ቀን ነው። 41ኛ የነበረችው አሁን ከ300 በላይ ናት።

እናቷ አዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው እስከ ዛሬ ዕጣ ይጠብቃሉ። እናትና ልጅ ስልክ ሲደዋወሉ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቁት "ወጣልሽ?" "ወጣልዎ?" ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣ ዕጣ ኮምፒውተሩ ተነካክቷል ተብሎ ሲሰረዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ አለቀሰ፤ ቢሆንም መሰረዙን በአደባባይ ሰማ። ለንደን ላይ መሰረዟን ለማወቅ ግን የራሷን አካውንት መክፈት ነበረባት። አገር ቤት ደጅ ጥናት የምንለው ነገር ክፉ ነው፤ ግን ደጅ አለው። ዘበኛው እንኳ "ዛሬ የሉም፣ ነገ ተመለስ" ይልሃል።

ስለ ስምም ላንሳ። የኢትዮጵያ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። ልጅ የራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱ ስም ነው፤ እናትየው ደግሞ በራሷ አባት ትጠራለች፤ ስታገባም ስሟን አትቀይርም። በእናንተ ፎርም ላይ ግን እናትና ልጆች የተለያየ "የመጨረሻ ስም" ሲኖራቸው ፋይሉ "ለማጣራት" ይቆማል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ማስረጃ አምጡ የተባለ ስንት ቤተሰብ እንዳገኘሁ መቁጠር ትቻለሁ። አንዱ አባት የልጁን የልደት ወረቀት፣ የጥምቀት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ አቅርቦ አምስት ወር ጠበቀ። የተጠየቀው ጥያቄ "ልጅዎ ለምን በእርስዎ የመጀመሪያ ስም ይጠራል?" የሚል ነበር። ስለ ስማችን አንድ ገጽ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ በ2019 እና በ2022 ልኬላችሁ ነበር። አሁንም አብሬ አያይዣለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይህችው እናት ሕመም አለባት። በጤና ምክንያት ቅድሚያ ይሰጠኝ ብላ ስታመለክት ለቃለ መጠይቅ ጠራችኋት። አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋት ፎርሙ ላይ ምልክት ተደርጓል፤ እኔው ነኝ ያደረግሁት። ቀኑ ሲደርስ አስተርጓሚ አልነበረም፤ ሠራተኛው "ልጅሽ ጎበዝ እንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እሷ ትርዳን" አለ። ልጅቷ ያን ጊዜ 12 ዓመቷ ነበር፤ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከትምህርት ቤት ቀርታ ነው የመጣችው። ሠራተኛው ስለ ሕመሙ ጠየቀ፣ ልጅቷ ተረጎመች። የእናትየው ሕመም የማኅፀን ነው፤ ደም ይፈሳታል፣ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ትነሣለች። ይህን በልጇ አፍ እንዴት ታስነግረው? "ራስ ምታት ነው በዪው" አለቻት። ልጅቷም ራስ ምታት ነው አለች።

ፋይሉ ላይ የሰፈረው ራስ ምታት ነው። ፋይሉ ለሐኪማችሁ ተላከ፤ ሐኪሙ ሴትየዋን ሳያይ፣ ሳያናግር፣ ራስ ምታት የቤት ቅድሚያ እንደማያሰጥ በሁለት መስመር ጻፈ። ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ስንጠይቅ የሆስፒታሏን ደብዳቤ አያይዘን ነበር። የተሰጠን መልስ "አመልካቿ በቃለ መጠይቅ ከሰጡት መረጃ ጋር አይጣጣምም" የሚል ነው። ውሸታም ሆነች ማለት ነው። ያ ሠራተኛ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ በዕለቱ ስምንት ቀጠሮ ነበረው። እኔ የማልረሳው የልጅቷን ነገር ነው። በቀደም እሑድ መጥታ "ያን ቀን በትክክል ስላልተረጎምሁ ነው አይደል ቤት ያጣነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እናቷ ዞር እስክትል ጠብቃ ነው የጠየቀችኝ።

ከዚህ ደብዳቤ በፊት በዚህ ጉዳይ አቤቱታ አቀረብን። የአቤቱታ ሥርዓታችሁ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያውን ደረጃ የመለሰው ያው የተከሰሰው ክፍል ነው። ደብዳቤው የሚጀምረው ለአንድ አቶ እገሌ ይቅርታ በመጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው አንቀጽ ስለሚያፈስ ጣሪያ ያትታል። እኛ ጣሪያ የሚያፈስስብን አልነበርንም። የዚያ ሰውዬ መልስ በስህተት ለእኛ ደረሰ እንዳንል ከታች ያለው የማመልከቻ ቁጥር የእኛ ነው። ሁለተኛውን ደረጃ ጠይቀን አራት ወር ሆነን። ከዚህ በላይ ያለው የአካባቢ መንግሥትና የማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ነው፤ አቤቱታውን በነፃ ያያል፤ በአብዛኛው ግን መጀመሪያ የእናንተን ሁለት ደረጃ ጨርሱ ይላል። ስለዚህ የእናንተ ዝምታ ወደ እሱ የሚወስደውንም መንገድ ያጓትትብናል። (ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እንባ ጠባቂዎቹ ሁለት ናቸው። ስለ ማመልከቻና ስለ ወረፋ የሚያየው ይህ የጠቀስሁት ነው። የቤቶች እንባ ጠባቂ የሚባለው አከራያችሁ ካውንስል ወይም የቤቶች ማኅበር ሲሆን ስለ ጥገናና ስለመሳሰለው ነው የሚያየው። ለተሳሳተው ልካችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ችግሩን ካወቃችሁ በ12 ወር ውስጥ ካላመለከታችሁም ሊያልፍባችሁ ይችላል።)

ስትወስኑ ምክንያታችሁን ጻፉልን እላችኋለሁ፤ ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። የ1996ቱ የቤቶች ሕግ እያንዳንዱ ካውንስል የታወቀ የድልድል ደንብ እንዲኖረው ያዝዛል፤ አመልካቹ ጉዳዩ እንዴት እንደታየ የመጠየቅና ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት የማመልከት መብት አለው። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዌስትሚንስተር ካውንስልን ጉዳይ አይቶ ነበር። የአምስት ልጆች እናት ከለንደን ወጥታ ሚልተን ኪንስ አጠገብ ቤት ተሰጥቷት አልሄድም አለች፤ ካውንስሉም ከእንግዲህ ግዴታ የለብኝም አለ። ፍርድ ቤቱ ያን ያህል ርቃ የምትሄድበትን ምክንያት ካውንስሉ በማስረጃ ማሳየት ነበረበት ብሎ ለእሷ ፈረደ። በ2019 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሂሊንግደን ካውንስል ያወጣውን የ10 ዓመት የነዋሪነት መስፈርት በቂ ምክንያት ያልቀረበበት ተዘዋዋሪ አድልዎ ሆኖ አገኘው። ከከሳሾቹ አንዱ በስደት የመጣ ሰው ነበር። ስደተኛ 10 ዓመት አንድ ሰፈር የት ይኖራል?

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ዓመት ጠብቃችሁ ሰው ከመሰረዛችሁ በፊት በወረቀት ጻፉለት፣ ደውሉለት። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት የጠበቀን ሰው ለመሰረዝ አንድ የፖስታ ቴምብር አይበዛም። ለዚህች እናትና እንደሷ መልእክቱን ሳያዩ ለተሰረዙ ሁሉ የቀድሞውን የምዝገባ ቀናቸውን መልሱላቸው፤ ይህ ከማንም ቤት አይወስድም፣ የወሰዳችሁባቸውን ተራ መመለስ ነው። የልጅን አፍ ለአዋቂ ሕመም አትጠቀሙበት። አስተርጓሚ ከሌለ ቀጠሮውን አስተላልፉ፤ ዓመታት የጠበቀ ሰው አንድ ሳምንት ይጠብቃል። የመጀመሪያውን አቤቱታ ያልተከሰሰ ሰው ይመልሰው።

ደግሞም እውነቱን ንገሩን። ባለ ሦስት መኝታ ቤት በእኛ ባንድ ላለ ሰው በትክክል በስንት ዓመት እንደደረሰ መዝገባችሁ ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት በሉ። ያኔ ሰው ሌላ ከተማ ይሂድ፣ የግል ኪራይ ይፈልግ፣ ይወስናል። አሁን ያለው ላም አለኝ በሰማይ ነው። "ቢድ" የሚለውን ቃልም አደራ፤ በአማርኛ በበተናችሁት ወረቀት ላይ "ጨረታ" ብላችሁ ስለተረጎማችሁት አንድ አዛውንት 500 ፓውንድ በመሐረብ ቋጥረው "ስንት ጨምሬ ላሸንፍ?" ብለው መጥተውብኛል።

ስለ እኛ የተውሁትን አሁን ልበል፤ ወገኖቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ፖስታ ክፈቱ። ፎርም ለመሙላት 50 ፓውንድ ለሚቀበል ደላላ አትክፈሉ፤ ያው ጥያቄ ነው፣ ያው ሳጥን ነው፣ እሱም የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ፎርም የገለበጠውን ነው። እገሊት ልጅ ወልዳ ቤት አገኘች በሚል ወሬ ሕይወታችሁን አትምሩ። ቤት ልታጡ መሆኑን ካወቃችሁ እስክትወጡ አትጠብቁ፤ ከ2018 ወዲህ በሚሠራበት ሕግ በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ የመሆን አደጋ ያለበትን ሰው ካውንስሉ አስቀድሞ የመርዳት ግዴታ አለበት። ቤት አልባነትን በተመለከተ የተሰጣችሁ ውሳኔ ካልጣማችሁ እንደገና እንዲታይ የምትጠይቁበት ጊዜ 21 ቀን ነው፤ 21 ቀን ደግሞ ፖስታው ሳይከፈት ከረጢት ውስጥ የሚያልፍ ጊዜ ነው። ያናገራችሁን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ጻፉ። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፤ ሠራተኛው ቢለምናችሁም እምቢ በሉ።

ወደ እናንተ ልመለስና ልጨርስ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይህን በአካል ሊያነጋግረኝ ቢፈልግ እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ፣ በእናንተ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ አለሁ። ከረጢቶቹን ላሳየው እችላለሁ። የእናትየው ማመልከቻ የሚታደስበት ቀን ኅዳር ውስጥ ነው። በእኔ ስልክ፣ በእሷ ስልክና በልጅቷ የትምህርት ቤት ደብተር ሽፋን ላይ ጽፈነዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከዚያው ሰፈር ነዋሪ፣ የአውቶቡስ ሹፌር